ሦስት ዶላር ለማን ርካሽ ነው?

ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ክርክር አላልቅ ብሏል። ጥያቄው አጭር ነው። ስልክ ላይ በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም የሚገኝን ጌም፣ ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት ብሎ ዶላር መክፈል ብልህነት ነው ወይስ ጅልነት? ገሚሳችን "ለስልክ የተሠራ እዚያው ስልክ ላይ ይቅር" እንላለን። ገሚሳችን ደግሞ "ዋጋው እስከረከሰ፣ ላፕቶፓችንም እስከቻለው ድረስ ምን ገዶን!" ባዮች ነን። ክርክሩ የአርሴናልና የማንቼ ክርክር መምሰል ስለጀመረ፣ ነገሩን ረጋ ብሎ በጽሑፍ ማየት ይሻላል ብለን ተነሣን።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። እነዚህ ጌሞች ቢገዙ ጥሩ ነው፤ ግን ተመርጠው። ዋጋቸው ማነሱ ብቻውን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም እንደኛ ዶላር በመከራ ለሚያገኝ ሰው፣ ከስልሳ ዶላሩ ጌም ይልቅ ጠንከር ያለ ምርመራ የሚያስፈልገው የሦስት ዶላሩ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እናስረዳለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ለስልክ ወይም ለታብሌት ተሠርቶ፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ተደርጎ የሚሸጥ ጌም በተጫዋቾች ቋንቋ "ፖርት" ይባላል። እኛ "ተሻጋሪ" ብንለው ይቀለናል። የስቲምን መደብር ከፍቶ ከአምስት ዶላር በታች የሚሸጡትን ላየ ሰው፣ ተሻጋሪዎች እንደ አሸን ናቸው። ለምን በዙ? ሁለት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛው መሥሪያው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ የስልክ ጌሞች የሚሠሩት ዩኒቲን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነው። ዩኒቲ አንድ ጊዜ የተሠራን ጌም ለአንድሮይድም፣ ለአይፎንም፣ ለዊንዶውስም አድርጎ ማውጣት ይችላል። ሠሪው ከፈለገ ብዙ ሳይደክም የስልኩን ጌም በኮምፒውተር መልክ ለሽያጭ ማቅረብ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የመደብሩ በር መስፋት ነው። ስቲም ቀድሞ አዳዲስ ጌሞችን በተጫዋቾች ድምፅ እያስመረጠ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ያ አሠራር ቀርቶ፣ ለአንድ ጌም 100 ዶላር የከፈለና መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ እንዲገባ ተፈቀደ። ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ መቶው ዶላር ለሠሪው ይመለስለታል። የበሩ መስፋት ለትንንሽ ሠሪዎች በረከት ነው። ፍሬውን ከገለባው የመለየቱ ሥራ ግን ከመደብሩ ትከሻ ወርዶ በገዢው ላይ ወደቀ። ገዢው ደግሞ እኛ ነን።

ለማን ነው ርካሽ?

ፈረንጆቹ ስለነዚህ ጌሞች ሲጽፉ "ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም" ማለት ይወዳሉ። ለነሱ እውነት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሦስት ዶላር ጌም ማለት ከአራት መቶ ብር በላይ ማለት ነው። በዚህ ብር ሁለት ጓደኛሞች አንድ ደህና ምሳ ቤት ሽሮ በልተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይወጣሉ።

ብሩ ቢኖርም መንገዱ ራሱ ዳገት ነው። ስቲም በብር አይሸጥም። ዶላር መክፈል የሚችል ካርድ ያለው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። የቀረነው ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እናስቸግራለን፣ ወይ የስቲም ካርድ ኮድ ከሚሸጡ ሰዎች ትርፋቸውን ጨምረን እንገዛለን። ሜሪላንድ ያለ አጎቱን "ጋሼ፣ እባክህ ይቺን አምስት ዶላር ክፈልልኝ" ያለ ልጅ የሚያውቀው ነገር አለ። ያቺ አምስት ዶላር ይሉኝታም አለባት። አጎትየው "ለምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "ለጌም" ብሎ መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ስለዚህ "ርካሽ ስለሆነ ብትከስርም ግድ የለም" የሚለው የፈረንጅ ምክር ለኛ አይሠራም። በተለይ በቅናሽ ሰሞን መጠንቀቅ ነው። ስቲም ላይ የበጋና የክረምት ቅናሽ ሲመጣ፣ የአምስት ዶላሩ ጌም በዘጠና ሳንቲም ተለጥፎ ሲታይ እጅ ያሳክካል። አምስት እንደዚያ ያሉ ጌሞችን ገዝቶ አንዳቸውንም ከሃያ ደቂቃ በላይ ያልተጫወተ ሰው፣ አንድ ጥሩ የአምስት ዶላር ጌም ገዝቶ ወር ሙሉ ከተጫወተው ሰው ይበልጥ ከስሯል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን አንተዋቸውም?

ምክንያቱም እነዚህ ጌሞች ለኛ ኑሮ የተመቹ ናቸው። ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኞቻችን "ፒሲ" የምንለው ነገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የተገዛ ላፕቶፕ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ራሙ አራት ወይም ስምንት ጊጋ ነው፤ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከዚህ ላፕቶፕ ጋር "ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2"ን ማገናኘት ግፍ ነው። ጌሙ ብቻውን 150 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ ጥቅል 150 ጊጋ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው አይነገርም።

ተሻጋሪው ጌም ግን ከመጀመሪያውም የተሠራው ለደካማ መሣሪያ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ስልክ የቻለውን ጌም ዛሬ የኛ ላፕቶፕ አያቅተውም። ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ብቻ የሚፈጁት ብዙ ናቸው። አንዴ ከወረዱ ደግሞ አብዛኞቹ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ጥቅም አለ። የስልክ ጌም ሲሠራ መቋረጥ ታስቦለት ነው። ስልክ ይጠራል፣ ታክሲው ይደርሳል፣ ባትሪ ያልቃል። ስለዚህ ጌሙ በአጭር በአጭሩ ይከፋፈላል፤ የደረስንበትንም ቶሎ ቶሎ ራሱ ይመዘግባል። ይህ ጠባይ ከነጌሙ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በሶኬት ብቻ ለሚያንቀሳቅስና መብራት ድንገት ለሚጠፋበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ሰዓት ድካም በመብራት መጥፋት ገደል ከገባበት ተጫዋች በላይ ይህን የሚያደንቅ የለም።

እንግዲህ ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። ባለ ትልልቅ ማሽኖቹ ተሻጋሪ ጌምን እንደ ትርፍራፊ ያዩታል። ለኛ ግን ዋናው ማዕድ እሱ ነው። ማዕዱ የኛ ከሆነ ዘንድ አቀራረቡንም የመመርመር መብት አለን።

ሲሻገር ምን ይጎድላል?

ስልክና ኮምፒውተር የሚለያዩት በስክሪን ስፋት ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ ጣታችን ራሱ ጠቋሚ ነው፤ የምንነካው ነገር ከጣታችን ሥር ነው ያለው። ስለዚህ ቁልፎቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ ምናሌው ሰፋፊ ይሆናል፣ ተኩስ ያለበት ጌምም ጣት ቶሎ ስለማያነጣጥር ጠላቶቹን ፈዛዛ አድርጎ ይሠራቸዋል። ሥዕሉም ለመዳፍ ያህል መስታወት ተመጥኖ ይሳላል። ይህ ሁሉ ምንም ሳይነካ ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ሰፊው ስክሪን ላይ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ቁልፎቹ የሕፃን መጫወቻ ይመስላሉ፤ በማውዝ ለሚያነጣጥር ሰው ደግሞ ፈዛዛው ጠላት መሳቂያ ይሆናል።

ምሳሌ እንስጥ። "ዲየስ ኤክስ፡ ዘ ፎል" እ.ኤ.አ. በ2013 ለአይፎንና ለአይፓድ ወጣ። እንደዚያ ያለ ጌም ስልክ ላይ መኖሩ ራሱ ያስደንቅ ነበር። በ2014 ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ግን ተቺዎቹም ተጫዋቾቹም ወረዱበት። ጌሙ አልተለወጠም፤ የቆመበት ቦታ ነው የተለወጠው። ስልክ ላይ ይቅር የተባለለት ጉድለት ሁሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ከነዚያው የዲየስ ኤክስ ታላላቅ ወንድሞቹ ጎን ሲቆም አፍጥጦ ወጣ።

"ፋይናል ፋንታሲ 6"ም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። የ1994ቱ ጌም በነጥብ በነጥብ ተስሎ ነበር። ለስልክ ሲታደስ ገጸ ባሕርያቱ ለስልሰው እንደ አዲስ ተሳሉ፤ ከጀርባቸው ካለው ሥዕል ጋርም አልገጥም አሉ። ያው ቅጂ በ2015 ወደ ኮምፒውተር መጣ። የድሮ ወዳጆቹ አዘኑ። በመጨረሻም በ2021 ያ ቅጂ ከስቲም ተነሣ፤ በ2022ም በጥንቃቄ የታደሰ ሌላ ቅጂ ተተካ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

እዚህ ላይ "አላልንም! የስልክ ነገር ኮምፒውተር ላይ አያምርም" የሚሉ ወገኖቻችን ፈገግ ሲሉ ይታየናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። አዲሱ የ"ፋይናል ፋንታሲ 6" ቅጂ ለስልክም ለኮምፒውተርም ነው የወጣው፤ ያውም በአንድ ቀን! ስልክ ላይ መሥራቱ ኮምፒውተር ላይ አላበላሸውም። ጥፋቱ ከስልኩ ቢሆን ኖሮ ይህኛውም በተበላሸ ነበር።

ከዚህ የሚብስ ምሳሌ አለ። ጂቲኤ ቫይስ ሲቲንና ሳን አንድሪያስን የማያውቅ የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል፤ የታንክ ማውጫ ኮዱን ከስልክ ቁጥሩ ቀድሞ የሸመደደ ስንት አለ! ኅዳር 2014 ዓ.ም. ገባ ሲል የሦስቱ የድሮ ጂቲኤዎች የታደሰ ቅጂ በአንድ ላይ በ60 ዶላር ለገበያ ቀረበ። የሠራው ግሮቭ ስትሪት ጌምስ ነው፤ ቀደም ሲል የሳን አንድሪያስን የስልክ ቅጂ ያዘጋጀው ቡድን። የወጣው ነገር ጉድ ነበር። ዝናቡ ዓይን ይጋርዳል፣ የሰዎቹ ፊት ተበላሽቷል፣ የሱቅ ጽሑፎች ሳይቀር ተሳስተዋል። የኮምፒውተሩ ቅጂ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ለቀናት ከሽያጭ ተነሣ። ሮክስታርም ወዲያው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ስልሳ ዶላር መክፈል ለጥራት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ?

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በዲሴምበር 2023 እነዚያው ሦስት ጌሞች በኔትፍሊክስ በኩል ለስልክ ወጡ፤ ብርሃኑና ቀለሙም ወደ ድሮው መልክ እንዲመለስ ሆኖ። ያ ማሻሻያ ወደ ኮምፒውተሩ ቅጂ የመጣው በኖቬምበር 2024 ነው። ልብ በሉልን! የስልኩ ቅጂ ለኮምፒውተሩ ቅጂ መድኃኒት ሆነ። እንግዲህ ስልክን መውቀስ አይጥ በበላ ዳዋ መምታት ነው። ጌምን የሚያበላሸው የሠሪው ግዴለሽነት ነው፤ ግዴለሽነት ደግሞ በሦስት ዶላርም በስልሳ ዶላርም ይሸጣል።

ያማረባቸው

በሌላ በኩል ተሻግረው ያማረባቸውን እንጥራ። "ዘ ሩም" በእንግሊዙ ፋየርፕሩፍ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአይፓድ ተሠራ። ነገሩ ሁሉ አንድ ምሥጢራዊ ሣጥን ነው፤ ቁልፉን፣ መሳቢያውን፣ ስውር ክፍሉን እየፈለጉ መክፈት። በ2014 ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ ሠሪዎቹ የስልኩን ሥዕል ጎትተው አላሰፉትም፤ ለትልቁ ስክሪን እንዲመጥን አድርገው እንደ አዲስ ሠሩት። ዋጋው አምስት ዶላር ነው። እንጨቱና ናሱ እውነተኛ እስኪመስል ድረስ ያምራል። ሁለት ሦስት ሌሊት ብቻ የሚበቃ አጭር ጌም ነው፤ ግን አንድም ደቂቃ አያባክንም።

"ሱፐር ሄክሳገን" የቴሪ ካቫና ሥራ ነው። በ2012 መጀመሪያ ለአይፎን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ለኮምፒውተር ወጣ፤ ሦስት ዶላር ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ስልክ ላይ አውራ ጣት ስክሪኑን ሲጋርድ፣ ኪቦርድ ላይ ግን ጣት ሌላ፣ ዓይን ሌላ ሥራ ይይዛሉ። በኛ ግምት ከስልኩ ይልቅ የኮምፒውተሩ ይበልጣል። ማንኛውም ያረጀ ላፕቶፕ ይችለዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞቱ መቆየት ግን ያልበዋል!

"ፕሌግ ኢንክ" በ2012 ለስልክ ወጣ። ኮምፒውተር ላይ "ኢቮልቭድ" ተብሎ ሲመጣ ዋጋው ወደ 15 ዶላር ከፍ አለ። ብዙ ሰው "ስልክ ላይ በአንድ ዶላር የነበረው!" ብሎ አጉረመረመ። ነገር ግን በዋጋው ላይ ሥራም ጨምሮበታል። ተጫዋች ከተጫዋች መወዳደር ይችላል፤ የራሱን በሽታና ታሪክ ሠርቶም ለሌሎች ማካፈል ይችላል። ይህን ለሚፈልግ ተገቢ ነው፤ በተለይ በቅናሽ ጊዜ። በሽታ አስፋፍቶ ዓለምን ማጥፋት ብቻ ለሚበቃው ግን የስልኩ ይበቃዋል።

"አማንግ አስ"ንም አንርሳ። በ2018 አጋማሽ ለስልክ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለኮምፒውተር ወጣ፤ ዓለም ያወቀው ግን በ2020 በኮሮና ጊዜ ነው። ስልክ ላይ ከነማስታወቂያው በነፃ፣ ስቲም ላይ አምስት ዶላር። የስልኩም የኮምፒውተሩም ተጫዋች አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወታሉ። ታዲያ ለምን ይከፈላል? ጌሙ ግማሹ ክርክር ነው፤ "እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው!" እያሉ በጽሑፍ መጨቃጨቅ። በተወሰነች ሰዓት ውስጥ በሙሉ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው፣ በአውራ ጣት ከሚጽፈው ቀድሞ ራሱን ነፃ ያወጣል። ይህ አምስት ዶላር ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለውን ለናንተ እንተዋለን። እኛ ተከፋፍለናል።

"ስልክ ላይ ነፃ ነው እኮ!"

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ይህ ነው። መልሳችን፣ ነፃ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ነፃ አይደለም የሚል ነው። ሠሪው ገንዘቡን በሌላ በር ይሰበስባል። በየሁለት ደቂቃው ማስታወቂያ ይመጣል፤ ማስታወቂያው ራሱ ከዳታችን ይቆርጣል። "ኃይልህ አልቋል፣ አራት ሰዓት ጠብቅ ወይም ክፈል" ይባላል። ኮምፒውተር ላይ አንዴ ተከፍሎበት የሚገዛ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ነፃ ያወጣል። የምንከፍለው ለጌሙ ብቻ ሳይሆን ላለመነዝነዝም ነው።

ማስጠንቀቂያም አለን። አንዳንዱ ሠሪ ሱቁን ከጌሙ ያነሣና ጥበቃውን እንዳለ ይተወዋል። አንድ ጎራዴ ለመግዛት አንድን ሜዳ ሃምሳ ጊዜ መመላለስ የተባለው፣ ሰው ሰልችቶት ገንዘብ እንዲያወጣ ታስቦ ነበር። መክፈያው ጠፍቶ መሰልቸቱ ብቻ ሲቀር ጌሙ የቀን ሥራ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በነፃም አትጫወቱት።

"የስልኩን ጌም በኢሙሌተር ኮምፒውተር ላይ እናስኬደዋለን" የሚሉም አሉ። ይቻላል። ግን ኢሙሌተር ማለት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ ስልክ ማኖር ነው። ብሉስታክስ ትንሹ መስፈርቱ አራት ጊጋ ራም ነው፤ ያ ደግሞ የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ሙሉ ሀብት ነው። በዚያ ላይ እምነት የሚጣልበት መንገድ አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በዊንዶውስ 11 ውስጥ ያስገባውን የአንድሮይድ ማስኬጃ በማርች 2025 ዘግቶታል። በወጉ የተሻገረ ጌም ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ራም አይበላም፣ አማላጅም አይፈልግም።

ፍላሽ እያለ?

ይህንንም ሸፋፍነን አናልፍም። በኛ አገር ጌም ማለት ለብዙ ዓመት ፍላሽ ይዞ ሄዶ የሚገለበጥ ነገር ነበር፤ አሁንም ነው። እኛም እንደ ሌላው ሁሉ በዚያ አድገናል፤ ስለዚህ ከመድረክ ላይ ቆመን የምንገሥጸው ሰው የለም። ሆኖም በትንንሽ ጌሞች ላይ ሁለት ነገር መታሰብ አለበት።

አንደኛ፣ እነዚህን ጌሞች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ሰዎች ናቸው። "ሀብታም ኩባንያ ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚለው ሰበብ እነሱ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ የተገለበጠ ጌም እንደተገለበጠ ይቀራል። "ክሮኖ ትሪገር" የተባለው የ1995 ታላቅ ጌም በፌብሩዋሪ 2018 ስቲም ላይ ሲወጣ በስልኩ ቅጂ ላይ የተመሠረተ ነበር። ምናሌው ለጣት፣ ሥዕሉ ደብዛዛ ሆኖ መጣ፤ ገዢዎቹም በመደብሩ ላይ አቤት አሉ። ስኩዌር ኢኒክስ ሰማ። ከዚያው ዓመት ኤፕሪል ጀምሮ በተከታታይ ማሻሻያ አወጣ፤ የድሮውን ሥዕል መልሶ አመጣ፤ ምናሌውንም ለኮምፒውተር እንዲመች አድርጎ ቀየረ። የገዛ ሰው ጌሙ ሳይከፍል ተሻሻለለት። በመጀመሪያው ሳምንት ያስገለበጠ ሰው ግን ዛሬም ያንኑ የተበላሸውን ይጫወታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ልብ በሉ፤ ጌሙን ያስተካከለው የገዢዎች ጩኸት ነው። ያልገዛ ሰው የሚጮኽበት ቦታ የለውም።

እንዴት እንግዛ?

በመካከላችን የተስማማንበት ሚዛን ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ ማስታወቂያ ፊልሙን አትመኑ። ሌላ ሰው ሲጫወተው የተቀዳ ቪዲዮ አሥር ደቂቃ እዩ። ስክሪኑ ላይ የጣት ክብ ወይም ግዙፍ ቁልፍ ካያችሁ፣ ሠሪው ስልኩን ሳይዘጋ ነው የመጣው።

ሁለተኛ፣ ጌሙ በኪቦርድና በማውዝ ወይም በጆይስቲክ ይሠራ እንደሆነ አንብቡ። "ቁልፎቹን መቀየር አይቻልም" የሚል አስተያየት ከበዛ ተዉት።

ሦስተኛ፣ የቅርብ ጊዜ አስተያየቶችን ከድሮዎቹ ለይታችሁ አንብቡ። "ክሮኖ ትሪገር" እንዳስተማረን የመጀመሪያው ወር ስድብ ለዘላለም አይሆንም፤ የመጀመሪያው ወር ሙገሳም እንዲሁ።

አራተኛ፣ የስልኩ ቅጂ ነፃ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት። ሐሳቡ ስልክ ላይ ካልማረካችሁ ስክሪኑ በመስፋቱ አይማርካችሁም።

አምስተኛ፣ መብታችሁን እወቁ። ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ጌሙ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከተጠየቀና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱት ገንዘብ ይመልሳል። የሚቆጠረው የተጫወቱበት ሰዓት ነው፤ በኛ ኔትወርክ ለማውረድ የፈጀው ሌሊት አይቆጠርም። በካርድ ኮድ የገዛችሁም ብትሆኑ ገንዘቡ ወደ ስቲም ሒሳባችሁ ይመለሳል፤ ሌላ ትገዙበታላችሁ። ስለዚህ ገዝቶ ማቆየት የለም። በገዛችሁበት ሳምንት ክፈቱት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ፍረዱ።

የነገው የኛው ነገር

ይህ ክርክር ነገ ወደ ቤታችን ይመጣል። ቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ" ብሎ የሀገር ቤት ዶሮ የምታሯሩጥ የስልክ ጌም ሲሠራ፣ የኛም ሰው በዚህ ገበያ ውስጥ መግባት እንደሚችል አሳይቷል። የኛ ሠሪዎች በስልክ መጀመራቸው ተገቢ ነው፤ ተጫዋቹ ያለው እዚያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ነገ ጌሙን ወደ ኮምፒውተር አሻግሮ በሦስት ዶላር ሲያቀርበው ምን እንለዋለን? "የስልክ ነው" ብለን ሳናይ እንጥለዋለን? ወይስ "የአገር ልጅ ነው" ብለን ሳናይ እንገዛለን? ሁለቱም ውለታ አይሆኑለትም። ውለታ የሚሆንለት ከፍተን፣ ተጫውተን፣ "ይኼ ምናሌ ለማውዝ አይመችም፣ አስተካክል" ብለን በገዢነታችን ስንነግረው ነው።

እንግዲህ ለክርክሩ መልሳችን ይኸው። የተሻገረ ጌም ይገዛል፤ ሠሪው ተሻግሮ ከመጣ። የስልኩን ልብስ እንደለበሰ በኛ በር ላይ የቆመውን ግን፣ ዘጠና ሳንቲም ቢባልም፣ "ለብሰህ ና" ብሎ መመለስ ነው። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልን፤ እኛም ገና ተስማምተን አልጨረስንም።